የወንድሜ ውልና የአባቴ ድንች

ወንድሜን የሚያበላው ግራ እግሩ ነው። ቀኝ እግሩ ለመራመጃ ያህል ብቻ ነው የተሰጠው፤ ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ይህን ብል ማንም አይቆጣኝም። በእንጅባራ ከተማ ክለብ በግራ ክንፍ ይጫወት ነበር። እኔ ደግሞ ከሜዳው በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉልም ጨጨብሳም እንቁላል ፍርፍርም እሸጣለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን እዚያ ቤት የሚበላው የኳስ ወሬ ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ይቀመጣሉ፣ ፉል ያለ ቃሪያ ያዛሉ፣ ከዚያ ስለ ተጫዋቾች ደመወዝ ማማረር ይጀምራሉ።

"ዕድሜዬን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስበላ ኖሬ፣ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ፣ አንድ ኳስ የሚያባርር ጎረምሳ ከእኔ በላይ ያገኛል። ይህ ፍርድ ነው?" ይላሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬም ቢጠሩ ማስተማር ይችላሉ" እላለሁ ሳህን እያጠብኩ። "ወንድሜን ሠላሳን ካለፈ ማን ይጠራዋል? ጉልበቱ አንድ ቀን ቀጭ ካለማ ለነገም አይፈልጉትም። የሃያ ዓመት እንጀራውን በስምንት ዓመት ነው ሠርቶ የሚጨርሰው።"

"ታዲያ ይማራ!"

"ተምሯል! ዲፕሎማው ይኸውልዎ፣ ከዘይት ጀሪካኑ በላይ ተሰቅሏል።"

ቀና ብለው ያዩታል፣ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፣ "ውጤቱ ደህና ነው" ይላሉ፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። በማግስቱ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እኔ ግን ሰው ሲከራከረኝ እጄ ስለሚፈጥን፣ መምህሩ በመጡ ቀን ሥራዬ ቶሎ ያልቃል።

ነገሩን ያወሳሰበው አባታችን ነው። አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለችው ጥርባ፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ኳስ ሜዳ ገብቶ አያውቅም። ክለቡ ወንድሜን ለሁለት ዓመት ሲያስፈርመው ዋስ አምጣ አለውና አባቴ ጋቢውን ለብሶ ከተማ ወረደ። ስለ ኳስ ምንም ባያውቅም ዋስነትን ግን አጥብቆ ያውቃል። ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ እሱ ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ በዚህ ምክንያት ለአጎቴ እንኳ ዋስ ሆኖለት አያውቅም።

ቡድን መሪው ሊያስረዱት ሞከሩ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ጫማ የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

"አባት፣ ልጅዎ ሁለት ዓመት ይሠራልናል። እኛም በበኩላችን የሚገባንን እናደርጋለን። ውል ማለት ይኸው ነው።"

የአባቴ ፊት በራ። "ወንፈል ነዋ!" አለ።

ወንፈል ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርሜልህ፣ ነገ አንተ መጥተህ የእኔን የምታርምበት የገበሬ መተጋገዣ ነው። ቀኑ በቀን እንጂ በብር አይመለስም። ደመወዙስ ብትሉኝ፣ እሱን አባቴ የሚያየው እንደ ምሳ ነው፤ ወንፈል ላይም ቢሆን የሠራ ሰው ምሳ ይበላል።

ቡድን መሪው በሳቅ ፈነዱ። "አዎ አባት፣ ወንፈል ይበሉት!"

"መልካም። ቀኑን እኔ እናገራለሁ።"

"በጠሩን ቀን!" አሉ ቡድን መሪው፣ ቢሮ ውስጥ ያለውም ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ እሱ የሳቀው ግን ጥሩ ስምምነት ስላደረገ ነው። ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመና ወደ ድንቹ ተመለሰ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ጥር ሲያልቅ ወንድሜ ቁርስ ቤቴ ገብቶ ከጀርባ ወዳለው ማድቤት ጠራኝ። የሌላ ከተማ ትልቅ ክለብ ወኪል ደውሎለት ኖሯል። ደመወዙ የአሁኑን ሦስት እጥፍ ነው። እንጅባራ ላይ ቢገናኙ ወሬው ከሻይ ቀድሞ ስለሚደርስ ዳንግላ ተቀጣጠሩ። እኔም ቁርስ ቤቴን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ፤ ሦስት እጥፍ የሚባል ነገር ልጁ ብቻውን ሊሰማው አይገባም።

ዳንግላ ከመናኸሪያው ጋሪ ያዝን። ባለጋሪው ፈረሱን ነዳ አድርጎ ወደ ኋላ ዞረና ወንድሜን አፍጥጦ አየው።

"ግራኙ አይደለህም እንዴ? የእንጅባራው? ባለፈው እኛን በቅጣት ምት ያቃጠልከን? ምን እግር ጣለህ?"

"ዘመድ ጥየቃ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሆቴሉ በር ስንደርስ አንድ የሚያምር የቤት መኪና ቆሟል፤ ባለጋሪው የሩቅ አገር ታርጋውን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ እኔን አየ። "ዘመዳችሁ የደላው ነው" አለና ሄደ። ያን ጊዜ ነው ምስጢራችን ያበቃለት፣ እኛ ግን አላወቅንም።

ወኪሉ ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ልጅ እግር ሰው ነው። ብዙ አላወራም። "ክለብህ ሁለት ወር ደመወዝ አልከፈለህም፤ ስለዚህ ውሉን ያፈረሰው ራሱ ነው። የወረቀቱን ጣጣ እኛ እንጨርሳለን። እግር ጡረታ የለውም ወንድሜ። እስከ ሰኞ ንገረኝ።" እውነቱን ነው። ደመወዙ ሁለት ወር እንደዘገየ እኔም አውቃለሁ፤ ልጆቹ ቁርስ የሚበሉት እኔ ጋ በዱቤ ነበራ! እኔ ብሆን በሁለት እጄ ነበር የምፈርመው።

ወንድሜ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ "አባየን ሳልጠይቅ አልሄድም። ዋሴ እሱ ነው" አለ።

ሚኒባስ ውስጥ እስከ እንጅባራ ድረስ ጮህኩበት። መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ብቻ ነው ዝም ያልኩት።

"እታለም፣ እኔም መሄድ እፈልጋለሁ" አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም አይጠራኝም። ግን እኔ ጠፍቼ አባየ እዚያ ቢሮ ተጠርቶ ሲቆም ማየት አልችልም። እሱ ይልቀቀኝና ነገውኑ እሄዳለሁ።"

ዓይኑን ሳይ ንዴቴ በረደልኝ። መሄድ አምሮታል፣ ደግሞም ፈርቷል። ያኔ ነው ዘዴው የመጣልኝ።

በማግስቱ ጥርባ ወጣሁ። የአባቴ የመስኖ ድንች ለኩትኮታ ደርሷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ በራሱ ማሳ ተጠምዷል፣ አባቴም ብቻውን ጎንበስ ቀና ይላል።

"አባየ" አልኩት፣ እንደ ዋዛ። "ያ ክለብ ወንፈሉን መለሰልህ?"

ወገቡን ይዞ ቀና አለ። "አልመለሰም! እኔ እኮ ልጄን ዓመት ተኩል ሰጥቼ፣ እነሱ አንድ ቀን እንኳ አፈር አልነኩልኝም።"

"እንግዲያማ ጥራቸዋ። እምቢ ካሉ ውሉን ያፈረሱት እነሱ ናቸው። ልጅህንም ትለቀዋለህ።"

"እምቢ ካሉማ ምን ውል አለ!" አለ አባቴ። "ያኔ የወደደበት ይሂድ።"

ልቤ ዘለለ። እዚያ ቡድን ውስጥ ድንች ሊኮተኩት የሚመጣ አንድ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ። ለወንድሜም ነገርኩት፤ ሳቀ፣ አቀፈኝም። እሱ ደግሞ አብሮት ለሚኖረው በረኛ ነግሮታል፣ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

አርብ ዕለት ቡድኑ ልምምድ ላይ ሳለ አባቴ ሜዳው መሃል ዱላውን ይዞ ገባ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ እምቢታውን እጠብቃለሁ።

"ሰኞ ነው" አላቸው አባቴ። "በዓል የለበትም። መኮትኮቻ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከጎረቤት እዋስለታለሁ።"

ቡድን መሪው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አባቴ እንደማይስቅ አዩና ራሳቸውን አከኩ። በረኛው ጠጋ ብሎ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ሹክ አላቸው። ቡድን መሪው ግንባራቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

"እንመጣለን አባት" አሉ።

አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ወንድሜ ከሜዳው ዳር ሆኖ አየኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ አመዳዩ ከድንቹ ቅጠል ላይ ሳይለቅ፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው የልምምድ ልብሱን ለብሶ ማሳው ዳር ወረደ። የተናደድኩትን ያህል አስቆኛል። ተከላካዮቹ መኮትኮቻውን ሲያነሱ ሰው የሚጥሉ ነው የሚመስሉት። በረኛው ከቆላ የመጣ ረጅም ልጅ ነው፤ ብርዱ ጆሮውን አቅልቶት፣ የመጀመሪያውን መስመር ሲጨርስ ከአረሙ የበለጠ ድንች ነቅሎ ተገኘ። አባቴ የተነቀለውን አንድ በአንድ መልሶ እየተከለ "ልጄ፣ አንተ ውሃ አመላልስ" አለው። ቡድን መሪውን የሚያብረቀርቅ ጫማቸውን አስወልቆ የራሱን ቦቲ አጠለቀላቸውና መስመር ሰጣቸው። ሩብ መስመር ሳይደርሱ ላብ በላብ ሆኑ።

ወንድሜ መሃላቸው ገብቶ ይኮተኩታል። ኳስ ላይ ግራ እግሩ ያለውን ቅልጥፍና መኮትኮቻ ላይ ሁለት እጆቹ አላቸው፤ ከአባቴ እኩል ይሄዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ሳይ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

ምሳ እኔ ነኝ ያበሰልኩት። ድንች ቅቅል በአዋዜ፣ የገብስ ቂጣ፣ በሁለት ድስት ሽሮ፤ ከከተማ በባጃጅ ነው ጭኜ ያመጣሁት። በልተው ሲጠግቡ አባቴ ወደ ቡድን መሪው ዞረ።

"የእነዚህ ልጆች ደመወዝ ዘገየ ይባላል፣ እውነት ነው?"

"በጀቱ አልተለቀቀም አባት። ሲለቀቅ..."

"ምሳውን ለፋሲካ እሰጣችኋለሁ ብያችሁ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትኮተኩቱልኝ ነበር?"

ልጆቹ ሳቃቸውን በቂጣ አፈኑት። ቡድን መሪው ቦቲያቸውን እያዩ "እነግራቸዋለሁ" አሉ። ማንን እንደሆነ አላወቅንም፤ ግን በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ ወር ገባ።

ከምሳ በኋላ ወንድሜ አባቴን ፈንጠር አድርጎ ወሰደው። እኔም እንስራ የማነሳ መስዬ ተከተልኳቸው።

"አባየ፣ ትልቅ ክለብ ጠርቶኛል። ዛሬ መልስ መስጠት አለብኝ። ልቀቀኝ።"

አባቴ ግራ ተጋብቶ አየው። "ዛሬማ እንዴት ትሄዳለህ? ትናንት ብትለኝ ጥፋቱ የእነሱ ነበር። ዛሬ ግን መጥተዋል። ለእያንዳንዳቸው ቀን አለብህ።"

"ዓመት ተኩል ስጫወት የኖርኩትስ?"

"እሱ ለክለቡ ነው። እነዚህ ክለብ አይደሉም፣ ሰዎች ናቸው። ወገባቸው እስኪንቀጠቀጥ አሠርተህ በማታው ትጠፋለህ?"

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። "አባየ፣ ሦስት እጥፍ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"የምኑ?"

"የደመወዙ!"

"ጥሩ ነው፣ ይገባዋል" አለ አባቴ ረጋ ብሎ። "ከዚያም በላይ ይገባዋል። ሥራውን ይጨርስና ይሂድ።"

ዘዴዬ እንዲህ ተገልብጦ ራሴ ላይ ወደቀ። አባቴን ላስቆጣ የጠራሁት ሕዝብ ይኸው ወንድሜን በእግረ ሙቅ አሰረው። ወንድሜ መኮትኮቻውን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ። አባቴ ኩትኮታውን ቀጠለ፤ ወንድሜም ቆይቶ ተመልሶ አነሳው።

ስልኩ የጠራው ወደ አመሻሹ ላይ፣ ሦስት መስመር ሲቀር ነው። ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚገኘው ከማሳው በላይ ባለችው ጉብታ ብቻ ስለሆነ ወንድሜ እየሮጠ ወጣ። መኮትኮቻ ሁሉ ቆመ። ነፋሱ ወደ እኛ ይነፍስ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ይሰማናል።

"እስከ ሰኔ ጠብቁኝ... ሰኔ ላይ ውሌ ያልቃል፣ ንጹሕ ሆኜ እመጣለሁ... አይ፣ ዛሬ አልችልም... እንግዲያው ይቅር።"

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀስ እያለ ወረደ። በረኛው የውሃውን ባልዲ ለቀቀው።

"ምን አደረግህ አንተ?" ብሎ ጮኸበት። "እኛ እኮ አንተን ልናስለቅቅህ ነው የመጣነው!"

ነገሩ ያኔ ወጣ። የዳንግላው ባለጋሪ ያየውን በማታው ለእንጅባራ አድርሶ ኖሯል። በረኛው ደግሞ "አባቱ የሚለቁት ወንፈሉ ሲመለስ ነው" ብሎ በግማሽ የሰማውን ለቡድኑ ነገረ። ልጆቹ መከሩ፤ አንድ ቀን ድንች ኮትኩተን የአባትየውን ሒሳብ እንዝጋና ልጁ ተመርቆ ይሂድ፣ እንዲህ ያለ ዕድል በስንት ዓመት ነው የሚመጣው ተባባሉ። እንዲቀር የፈለገ አንድም አልነበረም። ወገባቸውን የሰበሩት ሊሸኙት ነው።

"ለእኔ ግን የአካል ብቃት ልምምድ ነው ብላችሁ ነው ያመጣችሁኝ!" አሉ ቡድን መሪው፣ በአባቴ ቦቲ እንደቆሙ።

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሜ ነው። ትልሙ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም እዚያው አፈር ላይ ተዘረሩ። አባቴ ምን እንደሚያስቃቸው አልገባውም፤ "ሦስት መስመር ቀርቷል" ይላል በየመሃሉ። እኔ አልሳቅኩም። በልቤ ሦስት እጥፉን በወር፣ ወሩን በዓመት እያባዛሁ ነበር። ግን ደግሞ እነዚያን ልጆች ሳያቸው፣ እጃቸው ውሃ ቋጥሮ፣ አንድ ወንድም አለኝ ብዬ ስኖር ብዙ እንደሆኑ ታወቀኝ። ዱቤያቸውን ግማሹን ተውኩላቸው። ግማሹን ከፍለዋል።

ወንድሜ የቀረውን ጊዜ ተጫውቶ ጨረሰ። ዋንጫ አላመጡም፣ አልወረዱምም። ሰኔ ላይ መልቀቂያውን በወግ ተቀበለ። ትልቁ ክለብ ያኔ ሌላ ግራኝ አስፈርሟል፤ ሌላ ራቅ ያለ ከተማ ያለ ክለብ ግን በእጥፍ ደመወዝ ወሰደው። የጎደለችው ሦስተኛዋ እጅ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ለመምህሩ ስነግራቸው "እጥፍ? ለኳስ?" አሉና ፉላቸውን ገፉት። ቆይተው "ግን በወጉ ጨርሶ ነው የሄደው" አሉ፣ ሳህኑንም መልሰው ሳቡት።

እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ተጫዋች ዕድሜው አጭር ነውና በደንብ ይከፈለው እላለሁ። ውሉን ያክብር የሚል ክለብም ደመወዙን በቀኑ ይክፈል። ይህን ቁርስ ቤቴ የመጣ ሁሉ ሳይፈልግ ይሰማል።

ዘንድሮ የካቲት ላይ አንድ ሰኞ አባቴ ቤት ሳለሁ ወንድሜ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁ፣ አባቴም ተከተለኝ። ሜዳው ሙቀት እንደሆነ፣ ደመወዙ በቀኑ እንደሚገባ፣ ቡድኑ ጥሩ እንደሆነ ነገረን።

"አባየ፣ የኩትኮታ ጊዜ ነው አይደል?" አለ። "ብቻህን እንዳትደክም። ለሠራተኛ የሚሆን ገንዘብ ዛሬ ልላክልህ።"

"አትላክ። ተኮትኩቶ አልቋል።"

"ማን ኮተኮተልህ?"

"ያንተዎቹ መጡ" አለ አባቴ።

"የእኔ? እኔ እኮ ከሄድኩ ስምንት ወሬ ነው። ምን ብለህ ጠራሃቸው?"

"አልጠራኋቸውም። ጠዋት ስወጣ ማሳው ውስጥ ናቸው።"

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። አባቴ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ "ሃሎ! ሃሎ!" አለ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ተቋረጠ እንዴ?"

"አልተቋረጠም አባየ" አልኩት። "እያለቀሰ ነው።"